ጠፋብኝ በሉ

የምሥራቅ ቀጠና ፖሊስ መምሪያ ኃላፊ ኮማንደር ገሰሰ ሌባን ያን ያህል አይጠሉም ነበር። የሚጠሉት ቁጥርን ነው። ሌባ የሚያሸማቅቀው የተሰረቀውን ሰው ነው፤ ቁጥር ግን በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ እሳቸውን ራሳቸውን ከባልደረቦቻቸው ፊት ያሸማቅቃቸዋል። አንድ ዓመት በግምገማ ስብሰባ ላይ የመምሪያዎቹ ደረጃ ግድግዳው ላይ ሲበራ የእሳቸው መምሪያ ከመጨረሻው ሁለተኛ ሆኖ ወጣ። የመጨረሻው መምሪያ ኃላፊ ታመው ስላልመጡ የአዳራሹ ዓይን በሙሉ ያረፈው እሳቸው ላይ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ቢሯቸው እንደገቡ ማስተዋልን አስጠሩት።

ማስተዋል ዋና ሳጅን ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስታቲስቲክስ የተማረ፣ ሠላሳ አራት ዓመት የሆነው፣ ኦሎምፒያ አካባቢ ከባለቤቱ ጋር ተከራይቶ የሚኖር ዝምተኛ ሰው ነበር። የመምሪያው የመረጃ ክፍል ማለት እሱና ምክትል ሳጅን እድላዊት ናቸው። ጣቢያዎቹ የመዘገቡትን ወንጀል በየወሩ ይሰበስባሉ፣ ሠንጠረዥ ይሠራሉ፣ በጀት ዓመቱ ሲያልቅ ዓመታዊውን ሪፖርት ያዘጋጃሉ። ሥራውን ከልቡ ይወደው ነበር። የትኛው መንገድ ላይ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ዓይነት ወንጀል እንደሚበዛ የሚያሳይ ካርታ በገዛ እጁ ሠርቶ ሦስት ዓመት በተከታታይ ለኮማንደሩ አቅርቧል። ኮማንደሩም ሦስቱንም ዓመት ቀለሙ ጥሩ ነው ብለዋል።

ያን ቀን ካርታ አልጠየቁትም። የአዲሱ ዓመት ዕቅድ ወንጀል በሠላሳ በመቶ ይቀንሳል እንደሚል ነገሩትና እንዴት አድርጎ እንደሚያሳካው ጠየቁት። ማስተዋል የጠየቁት ለምክር መስሎት ማብራራት ጀመረ። ወሎ ሰፈር የታክሲ መያዣው ላይ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ሰው ቢመደብ፣ ሞተረኞች የሚሸሹባቸው አራት የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ቢጠበቁ ቅሚያው በግማሽ እንደሚወርድ ተናገረ። ኮማንደሩ ሰው የለኝም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሰዎቻቸው እንግዳ በመጣ ቁጥር የአስፋልት ዳር ላይ ሲገተሩ ነው የሚውሉት።

«ደግሞ እኔ ወንጀል ቀንስ አላልኩህም» አሉት። «ቁጥሩን ነው ያልኩህ።»

እዚያው ላይ አይሆንም ቢል ማንም አያስረውም ነበር። ቢበዛ ሁለት ዓመት የተንጠለጠለው የረዳት ኢንስፔክተርነት ማዕረጉ ሦስት ዓመት ይንጠለጠል ይሆናል። ማስተዋል ግን ለማዕረጉ ሳሳ። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ ብልህ መሆኑን ለማሳየት ቸኮለ። በሁለተኛው ቀን አንድ ገጽ ተኩል መመሪያ ጽፎ ይዞ ቀረበ። መመሪያው የሚለው ይህን ነው። አንድ ሰው ንብረቴ ተወሰደብኝ ብሎ ሲመጣ የወሰደውን ሰው በስም ካላወቀና ምስክር ይዞ ካልመጣ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ በወንጀል መዝገብ ሳይሆን በጠፋ ንብረት መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ማን እንደሚያጣራና መቼ እንደሚጣራ መመሪያው አይናገርም። ሊያጣራ ያሰበ ስላልነበረ ነው።

ኮማንደሩ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ተነሥተው እጁን ጨበጡት። ከዚያ ቀን በፊት እጁን ጨብጠውት አያውቁም ነበር።

መመሪያው ለጣቢያዎቹ እንደደረሰ በምሥራቅ ቀጠና ሰው ሁሉ ዝርክርክ ሆነ። ትናንት ስልኩን ሲነጠቅ የነበረው ሕዝብ ዛሬ ስልኩን ይጥል ጀመር። ታክሲ ሲሳፈር ይጥላል፣ ከባንክ ሲወጣ ይጥላል፣ ፀጉር ቤት በር ላይ ቆሞ ሲያወራ ከጆሮው ላይ ይጥላል። መኪና ያቆመ ሰው ደግሞ ስፖኪዮውን ይጥላል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሦስት ወራት ብቻ ሁለት መቶ አሥራ አራት ስፖኪዮ ጠፍቷል ተብሎ ተመዘገበ። በመፍቻ ከመኪና በር ላይ ተፈትቶ የሚሄድ ዕቃ እንዴት ይጠፋል ብሎ የጠየቀ ኃላፊ አልነበረም።

የጣቢያ ፖሊሶች ተንኮሉ ቶሎ አልገባቸውም። መዝገቡ ላይ «አጭር መግለጫ» የሚል ዓምድ ስለነበረ እንደ ልማዳቸው የሆነውን ይጽፉበታል። አንዱ «ሞባይሉ በጩቤ አስፈራርተውት የጠፋበት» ብሎ ጻፈ። ሌላው «ሀብሏ በሁለት ሰዎች አማካይነት ከአንገቷ ላይ የጠፋባት» አለ። እድላዊት እነዚህን ወደ ኮምፒውተሩ ስታስገባ መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር፤ እየቆየች ግን ሳቋ ቀረ። አንድ ቀን ጠዋት ለማስተዋል አንዱን አነበበችለትና ፊቱን አየች። ማስተዋል ከሳቀ በኋላ ነው አለመሳቋን ያስተዋለው። በሳምንቱ ኮማንደሩም ስለ መግለጫው ሰሙና ዓምዱ ከመዝገቡ እንዲወጣ አዘዙ። ወጣ።

ማስተዋል በነዚያ ወራት ምን ይሰማው እንደነበር ኋላ ላይ ለእድላዊት ነግሯታል። የመጀመሪያውን ወር አፍሮ ነበር። በሁለተኛው ወር መስመሩ ቁልቁል ሲወርድ ሲያይ ደስ አለው። በአራተኛው ወር ወንጀሉ የቀነሰ መሰለው። ሰው የራሱን ውሸት የሚያምነው እንዲህ ቀስ በቀስ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ዲግሪ አያግደውም።

በየካቲት ወር መጨረሻ ላይ መምህርት ፀሐይነሽ መጡ።

ፀሐይነሽ ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከወሎ ሰፈር ጀርባ ካለው ሰፈር ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ የእድር ጸሐፊ ናቸው። ሴት ልጃቸው ሐዋሳ ነው የምትኖረው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ገዝተው በእግራቸው ሲመለሱ ሁለት ሰዎች የጫነ ሞተር ከኋላቸው መጣና የኋለኛው ቦርሳቸውን ያዘ። ማንገቻው ክንዳቸው ላይ ተጠምጥሞ ስለነበር ቦርሳው ቶሎ አልለቀቀም። ሞተሩ ጥቂት ሜትር ጎተታቸው። ማንገቻው ሲበጠስ እሳቸው በግራ እጃቸው ላይ ወደቁ። መንገደኛ አንሥቶ ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው፣ የእጃቸው አንጓ ተሰብሮ ስለነበር ጀሶ ተደረገላቸው። በማግስቱ እጃቸውን በሻርፕ አንጠልጥለው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ።

ተረኛው ፖሊስ ሰዎቹን በስም ያውቋቸው እንደሆነ ጠየቃቸው። አላውቃቸውም አሉ። የወንበዴ ስም ከየት አውቃለሁ። ምስክር አለዎት ወይ አላቸው። ያነሣቸው ሰው ስሙን ሳይነግራቸው ሄዷል። እንግዲያው ማመልከቻ ይጻፉ አለና ወደ በሩ ጠቆማቸው። ከጣቢያው በር ውጭ በጃንጥላ ሥር የተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ወረቀቱን አስቀድሞ በብዛት አሳትሞታል። ፀሐይነሽ አንዱን አንሥተው አዩት። «ንብረቴ ስለጠፋብኝ» ይላል፤ ክፍት የተተወው የስምና የዕቃው ዓይነት ቦታ ብቻ ነው። ወረቀቱን መልሰው አስቀመጡና ተመልሰው ገቡ።

አልጠፋብኝም፣ ተቀማሁ፣ እጄም ተሰበረ አሉ። ተረኛው ያው ነው እናቴ አላቸው። እሳቸው ያው አለመሆኑን ለማስረዳት ሞከሩ። ተረኛው ወደ ምርመራ ላካቸው፣ ምርመራው ወደ ተረኛ መለሳቸው። ሁለት ቀን ተመላለሱ። ስልካቸውና መታወቂያቸው ግን ከቦርሳው ጋር ሄደዋል፤ ያለ ጣቢያው ደብዳቤ መታወቂያም ሆነ ሲም ካርድ ማውጣት አይችሉም፤ ልጃቸው ሐዋሳ ሆና ስልክ አያነሡም ብላ ጎረቤት ታስጨንቃለች። በሦስተኛው ቀን ጣቢያው ሰለቸውና መመሪያውን ያወጣው መምሪያው ነው፣ እዚያ ያናግሩ ብሎ ሸኛቸው። እንዲህ አድርገው ነው የማስተዋል ጠረጴዛ ፊት የደረሱት።

ማስተዋል ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው። ጀሶውን አየና ዓይኑን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ። በትሕትና ነበር የሚያናግራቸው፤ አሁንም ሲያስበው የሚያሳፍረው ያ ትሕትናው ነው። የጠፋ ንብረት ብሎ መመዝገብ ጊዜያዊ መሆኑን፣ ጉዳዩ እንደሚጣራ፣ ለሳቸውም የሚበጀው ይህ መሆኑን፣ ወረቀቱን ዛሬውኑ ይዘው ሊሄዱ እንደሚችሉ አስረዳቸው። ፀሐይነሽ ሳያቋርጡ ሰሙት። ሲጨርስ ስንት ሰው እንዲህ ተብሎ እንደተመዘገበ ጠየቁት። እሱን መናገር አልችልም አላቸው።

«ታውቀዋለህ ግን?»

«አውቀዋለሁ።»

«መቼም ቁጥር ስታይ የምትውል ልጅ ትመስላለህ» አሉት። «እኔም ዕድሜዬን በሙሉ ቁጥር ነው ያስተማርኩት። ተማሪ ሲሳሳት አይከፋኝም። መልሱን እያወቀ ሌላ የሚጽፍ ተማሪ ግን ገጥሞኝ አያውቅም፤ ምን እንደሚባል አላውቅም።»

ከዚያ ወረቀቱን ሳቡና በቀኝ እጃቸው ፈረሙ። ያለ ስልክና ያለ መታወቂያ መኖር ስላልቻሉ ፈረሙ እንጂ አምነው አይደለም፤ ይህንንም ነግረውት ወጡ። እድላዊት እስከ በሩ ሸኝታቸው ስትመለስ ቁጥራቸውን አስገባች። ሁለት ሺህ አራት መቶ ስድስተኛው ንብረት የጠፋባቸው ሰው ሆኑ። ማስተዋል ያን ቀን ምሳውን አልበላም። በማግስቱ ግን በላ፤ የወሩንም ሠንጠረዥ እንደ ወትሮው ሠርቶ አስረከበ።

ሐምሌ ሲገባ መምሪያው የዓመቱን ሪፖርት ለሕዝብ ለማቅረብ ሃያ ሁለት አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ተከራየ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ ውስጥ ባነር ተሰቅሏል፣ በየወንበሩ ፊት የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። ከየብሎኩ ነዋሪዎች፣ ነጋዴዎችና የሃይማኖት አባቶች ተጠርተዋል። የቴሌቪዥን ካሜራም መጥቷል። ማስተዋል አዲስ የተተኮሰ የደንብ ልብሱን ለብሶ ከመድረኩ ጎን ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሩን ይዞ ተቀምጧል። ኮማንደር ገሰሰ ማዕረጉ ነሐሴ ላይ እንደሚጸድቅለት ያን ጠዋት ነግረውታል።

ኮማንደሩ ሪፖርቱን አነበቡ። ባለፈው ዓመት በቀጠናው ስድስት ሺህ አንድ መቶ አርባ የቅሚያና የስርቆት ወንጀል ተፈጽሞ ነበር። ዘንድሮ አራት ሺህ አሥራ ስድስት። የሠላሳ አራት ነጥብ ስድስት በመቶ ቅናሽ። ነጥብ ስድስቷን ሲጠሯት ድምፃቸው ከፍ አለ። ይህ የተገኘው በሰላም ወዳዱ ሕዝባችንና በጀግናው ፖሊሳችን የተቀናጀ ርብርብ ነው አሉ። ተጨበጨበ። በአዳራሹ ካለው ሰው መካከል በዚያ ዓመት ስልኩን ያልተነጠቀ ወይም የተነጠቀ ዘመድ የሌለው ቢፈለግ መድረኩ ላይ የተቀመጡት ብቻ ይገኙ ነበር፤ ግን ተጨበጨበ። ሰው ለምን እንደሚያጨበጭብ እሱም አያውቀውም። ጎረቤቱ ስላጨበጨበ ነው።

ከዚያ ሽልማት ቀጠለ። በዓመቱ ውስጥ አንድም የቅሚያ ወንጀል ያልተመዘገበባቸው ሦስት ብሎኮች «ከወንጀል የጸዳ ብሎክ» የሚል የምስክር ወረቀት እንደሚሰጣቸው ተነገረ። ከሦስቱ አንዱ ከወሎ ሰፈር ጀርባ ያለው ብሎክ ነበር። ነዋሪውን ወክለው እንዲቀበሉ የተላኩት የእድሩ ጸሐፊ ናቸው። ስማቸው ሲጠራ ማስተዋል ራሱን ቀና አደረገ። ፀሐይነሽ በደረጃው ወደ መድረኩ ወጡ። ጀሶው ከወለቀ ቆይቷል፤ አንጓቸው ግን ጠማማ ሆኖ ነበር የገጠመው።

ኮማንደሩ መስተዋት የተገጠመለትን ወረቀት አቀበሏቸውና ለካሜራው ዞሩ። ፀሐይነሽ ወረቀቱን ይዘው አንድ ጥያቄ እንዲፈቀድላቸው ለመኑ። ካሜራው ስለበራ ኮማንደሩ ፈገግ ብለው ማይክራፎኑን ሰጧቸው። ሊያመሰግኑ መስሏቸዋል።

ሪፖርቱን በጥሞና እንደሰሙ፣ የጠፋ ንብረት ቁጥር ግን እንዳልተነበበ ተናገሩ። ባለፈው ዓመት ስንት ዕቃ ጠፋ፣ ዘንድሮስ ስንት ጠፋ ብለው ጠየቁ። ኮማንደሩ ፈገግታቸውን ሳያወርዱ የጠፋ ንብረት ወንጀል ስላልሆነ ሪፖርቱ ውስጥ አይገባም አሉ። ገባኝ፣ ለማወቅ ያህል ብቻ ነው አሉ ፀሐይነሽ። ከወንበሮቹ በኩል ይነገረን የሚል ድምፅ ተሰማ። ኮማንደሩ ያን ጊዜ ወደ ማስተዋል ዞረው ባለሙያው ያብራራል አሉ። በአፋቸው ይህን ሲሉ በዓይናቸው መረጃው በእጃችን የለም እንዲል ነገሩት። ማስተዋል የዓይናቸውን ቋንቋ አሳምሮ ያውቃል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እሱም እንዴት እንደሆነ በደንብ አያስታውሰውም። ማይክራፎኑ እጁ ላይ ነበር። ፀሐይነሽ አልለመኑትም፣ አልተቆጡትም፤ ተማሪው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ሲቆም እንደሚጠብቅ መምህር ነበር የሚያዩት።

«ባለፈው ዓመት ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት» አለ። «ዘንድሮ ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባት።»

ፀሐይነሽ ወረቀት አላስፈለጋቸውም። የተሰረቀውንና የጠፋውን ብንደምራቸው ባለፈው ዓመት ስድስት ሺህ አምስት መቶ ሃያ ስምንት፣ ዘንድሮ ሰባት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሦስት ይሆናል፤ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም አሉ። ከመካከለኛው ረድፍ አብዱልጀባር የሚባል፣ ወሎ ሰፈር ጋራዥ ያለው ሰው ተነሣ። ደንበኞቹ በዚህ ዓመት ከጋራዡ ደጃፍ ላይ አሥራ አንድ ስፖኪዮ እንደተፈታባቸውና ጣቢያው አሥራ አንዱንም ጠፋ ብሎ እንደጻፈለት ተናገረ። ስፖኪዮ በራሱ ተፈትቶ የሚጠፋ ከሆነ እኔ መካኒክ ሆኜ ምን እሠራለሁ አለና ተቀመጠ። ሳቅ ሆነ። ከሳቁ በኋላ ሰው በየቦታው መነሣትና መናገር ጀመረ።

ኮማንደር ገሰሰ ማይክራፎን ሳይዙ በጩኸት አዳራሹን ጸጥ አሰኙት። የጠፋ ንብረት ቁጥር መጨመሩ እሳቸውንም እንደሚያሳስባቸው፣ ምክንያቱ ኅብረተሰቡ ለንብረቱ የሚያደርገው ጥንቃቄ ማነሱ እንደሆነ፣ በቀጣዩ ዓመትም ሰፊ የግንዛቤ ማስጨበጫ ዘመቻ እንደሚደረግ አስታወቁ። ይህን ያሉት ሳያፍሩ ነው። ሞኝ ባያፍር የሞኝ ዘመድ ያፍር እንደሚባለው፣ ከኋላቸው የተቀመጡት ምክትላቸው አንገታቸውን ደፉ።

ፀሐይነሽ ከመድረኩ አልወረዱም ነበር። ወደ ማስተዋል ጠረጴዛ ጥቂት ተራመዱና ጠማማ እጃቸውን ዘረጉለት።

«ልጄ፣ ቦርሳዬን እኔ ጣልኩት ወይስ ቀሙኝ?»

ማስተዋል ተነሥቶ ቆመ። «ቀምተውዎታል» አለ። «ጠፋ ተብሎ እንዲጻፍ መመሪያውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።»

ኮማንደሩ ወዲያው የሻይ ዕረፍት ነው አሉ። ሻዩ ገና አልቀረበም ነበር። ካሜራው ጠፋ። ፀሐይነሽ የምስክር ወረቀቱን በመድረኩ ጠረጴዛ ላይ ከታሸገው ውሃ አጠገብ አስቀመጡትና በዝናቡ ወጥተው ሄዱ።

ያን ዕለት ዜናው ተላለፈ። በምሥራቅ ቀጠና ወንጀል በሠላሳ አራት ነጥብ ስድስት በመቶ መቀነሱን፣ ነዋሪዎችም በውጤቱ መደሰታቸውን ተናገረ። ተደሰቱ ከተባሉት ነዋሪዎች መካከል ወረቀታቸውን ሲቀበሉ የታዩት ፀሐይነሽ ነበሩ። ድምፃቸው አልተሰማም፤ ከበስተኋላ ሙዚቃ ገብቶበታል።

ማስተዋል በሳምንቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረበ። የተከሰሰው መመሪያውን በመጻፉ አልነበረም። ያልተረጋገጠ መረጃ በአደባባይ በመናገሩ ነው። ቁጥሩን ራሱ በመዝገቡ አረጋግጦ ስለነበር መዝገቡን ይዞ ቀረበ፤ ኮሚቴው መዝገቡን ማየት አላስፈለገውም። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ስብሰባው ሲያልቅ ኮሪደር ላይ ጠብቆት የእሱም ሚስት ስልኳን ባለፈው ወር እንደተነጠቀች በሹክሹክታ ነገረው። እሱም ግን እንደ ሌሎቹ አባላት በውሳኔው ላይ ፈርሞ ነበር የወጣው። ማስተዋል ማዕረጉ ታግዶ፣ ከከተማዋ ምሥራቃዊ ጫፍ ወዳለ አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረ።

ኮማንደር ገሰሰ አደጉ። የሄዱበት ቦታ የሁሉም መምሪያዎች አፈጻጸም የሚገመገምበት ስለሆነ ከመጨረሻው ሁለተኛ መውጣት ከእንግዲህ አያሰጋቸውም። የማስተዋል መመሪያ ደግሞ ስሙ ከላዩ ተፍቆ «ምርጥ ተሞክሮ» ተባለ፤ ሌሎችም ልምድ እንዲቀስሙበት ተባዛ። የጠፋ ንብረት የሚለው ዓምድ ግን ጥያቄ እንደሚያስነሣ በመታየቱ እንዲቀየር ተወሰነ። አሁን «የምትክ ደብዳቤ አገልግሎት» ይባላል። ዓምዱ የሚገኘው ከወንጀል ሪፖርቱ ውስጥ ሳይሆን ከአገልግሎት አሰጣጥ ሪፖርቱ ውስጥ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መምሪያው ይመሰገንበታል።

አንድ ነገር ብቻ የመምሪያው ሰዎች እንዳሰቡት አልሄደላቸውም። ፀሐይነሽ አልተኙም። አብዱልጀባርን ይዘው ከብሎካቸው የተቀሙ ሰዎችን ቤት ለቤት እየዞሩ አነጋገሩ። እሳቸውን ጨምሮ ሠላሳ ሁለት ሰው ሆኑ። ሠላሳ ሁለቱም ጠፋብኝ ያልነው ተገደን ነው ብለው በአንድ አቤቱታ ላይ ፈረሙ። አቤቱታው ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላው ሲንከባለል ከርሞ ጥቅምት ላይ መልስ መጣ፤ ሠላሳ አንዱ በቂ ማስረጃ አልቀረበበትም፣ የፀሐይነሽ ግን የሐኪም ወረቀት ስላለው በወንጀል ይመዝገብ። ጣቢያው አንድ አዲስ መርማሪ ፊት አስቀምጧቸው ቃላቸውን ተቀበለ። ውንብድና ተብሎ ሲጻፍ ዓይናቸው እያየ ነው። ሌቦቹ እስከ ዛሬ አልተያዙም፤ ፀሐይነሽም ይያዛሉ ብለው አይጠብቁም። ሠላሳ አንዱን ግን አልተዉም፤ ሁለተኛውን አቤቱታ በዚያው ሳምንት አስገቡ።

የማስተዋልን ስልክ ቁጥር የሰጠቻቸው እድላዊት ናት። ደውለው የመዝገቡን ቁጥር ነገሩት፤ እሱም ጻፈው። በእኔ ሰበብ ተጎዳህ ወይ አሉት። በራሴ ሰበብ ነው አላቸው። ይቅርታ ሊጠይቃቸው ፈልጎ ቃሉ አፉ ላይ ሲያመነታበት እሳቸው ለሠላሳ አንዱ ሰዎች ምስክርነት በጽሑፍ ይሰጣቸው እንደሆነ ጠየቁት። በማግስቱ ሦስት ገጽ ጽፎ፣ መመሪያው በማን ትእዛዝ፣ በየትኛው ቀን እንደተዘጋጀ ዘርዝሮ፣ ፈርሞበት ራሱ ወስዶ ሰጣቸው። የፈረመው ወረቀት ከሥራ ሊያስወጣው እንደሚችል ባለቤቱ ነግራዋለች። እሱም ያውቃል።

እስካሁን አላስወጣውም። ግምጃ ቤቱ ውስጥ ብርድ ልብስ፣ ፍራሽና የዝናብ ልብስ ይቆጥራል። በገባ በሁለተኛው ወር የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አቶ ቢተው ቆጠራውን አምጣ አሉት። ማስተዋል አመጣ። ብርድ ልብሱ በመዝገብ ካለው አርባ ስድስት ጎድሎ ነበር። ቢተው መነጽራቸውን አወለቁና፣ ጎደለ የሚለውን ትተህ አርጅቶ የተወገደ በለው፣ ሁሌም እንደዚያ ነው የምንለው አሉት። ክፋት አልነበረባቸውም፤ አዲስ ሠራተኛ ሥራ ሲያስለምዱ ነው።

ማስተዋል ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። «አርባ ስድስት ጎድሏል» ብሎ በስክሪብቶ ጻፈበት፣ ሙሉ ስሙን ከነአባቱ አስፍሮ ፈረመ፣ ተመልሶ ቢተው ፊት አስቀመጠው። ቢተው አነበቡት። መሳቢያቸውን ስበው አስገቡትና ቆለፉበት፤ ከዚያ ምሳ ሰዓት ደርሷል ብለው ተነሡ።